የከሰል ባቡር ትዝታና የእኛ ጽሕፈት

በእንግሊዝ አገር፣ የድንጋይ ከሰል ከሚቈፈርበት ጉድጓድ እስከ ወደብ፣ ከዚያም እስከ ብረት ማቅለጫው ምድጃ ድረስ ይመላለሱ ስለ ነበሩት የፋብሪካ ባቡሮች እጅግ ብዙ ተጽፏል፤ ዛሬም ይጻፋል። ጸሐፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው በድርሰት የገነነ ሰዎች አይደሉም። ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂዎች፣ በምድጃው አፍ ቆመው ከሰል ይጨምሩ የነበሩ ሠራተኞች፣ የማዕድኑ ጽሕፈት ቤት ሒሳብ ያዦች፣ ወይም በልጅነታቸው አጥር ተደግፈው የባቡሩን ማለፍ ይጠባበቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጽሕፈታቸው ልብ ወለድ አይደለም፤ የታሪክ መጽሐፍም ለማለት ያስቸግራል፤ ትዝታ ብንለው ይሻላል። እኛም ይህን ዓይነት ጽሕፈት መርምረን፣ በጎነቱንና ጉድለቱን ከለየን በኋላ፣ የራሳችንን የባቡር ጽሕፈት በእርሱ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ አስበናል።

ምናልባት አንባቢ «መካነ ኢየሱስ ተቀምጦ ስለ እንግሊዝ ከሰል ባቡር መጻፍ ምን ይሉታል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእስቴ ምድር ሐዲድ አላየም። ከጋይንትና ከስማዳ እስከ ዓባይ ሸለቆ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ እህል የሚጓዘው በአህያ፣ በበቅሎ፣ በሰው ትከሻና በመኪና ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ዓመት የልማት ዕቅድ ካሰባቸው የባቡር መስመሮች አንዱ ባሕር ዳርን በወረታ በኩል ከወልድያ ጋር የሚያገናኝ ነበር፤ ቢሠራ ኖሮ ወደ እኛ አገር እጅግ ይቀርብ ነበር፤ ነገር ግን አልተሠራም።

ይሁን እንጂ የመካነ ኢየሱስ ሰው «ባቡር» የሚለውን ቃል አያውቀውም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በሚገባ ያውቀዋል። ለእርሱ ባቡር ማለት እህል የሚፈጭ ሞተር ነው። ሕፃኑ «እናትህ የት ሄደች?» ቢባል «ባቡር ሄደች» ብሎ ይመልሳል፤ እርሷም ቅንድቧ ዱቄት ለብሶ ትመለሳለች። ቃሉ እንፋሎት ከሚለው ከፈረንጆች ቃል ተነሥቶ በቱርክና በዐረብ አፍ ተላልፎ ወደ እኛ የደረሰ ነውና፣ ከመነሻው በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር ሁሉ ስም ነበረ። እንግዲህ ወፍጮውን ባቡር የሚለው የገጠር ሰው ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር ከሚለው ከተሜ ይልቅ የቃሉን ሥር አልሳተም። እኛም ለዚህ ምርመራችን ዳኛ አድርገን የምናስቀምጠው ይህንኑ ሰው ነው፤ ባቡርን በወፍጮው ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ ወይም አድማጭ የሥራውን ዓለም ሊያሳየው የሚችል ጽሕፈት፣ እርሱ ጥሩ የባቡር ትዝታ ነው።

የምድር ባቡር ከሰል የወለደው ልጅ ነው። (በዚህ ጽሕፈት የውጭውን አገር ነገር በኤውሮፓውያን፣ የአገራችንን በራሳችን አቈጣጠር እንናገራለን።) ከ1600 በኋላ ጀምሮ የእንግሊዝ ከሰል አውጪዎች በእንጨት ሐዲድ ላይ ጋሪ በፈረስ ያስጐትቱ ነበር፤ በጭቃ መንገድ አንድ ፈረስ የማይነቀንቀውን ሸክም በሐዲድ ላይ ያለ ብዙ ድካም ይስበዋልና። በ1804 ሪቻርድ ትሬቪቲክ የሚባል መሐንዲስ በዌልስ አገር ከፔኒዳረን የብረት ፋብሪካ የእንፋሎት ሞተር በሐዲድ ላይ አስኬደ። በ1825 ከዳርሊንግተን አካባቢ እስከ ስቶክተን የተከፈተው ዝነኛ መስመር ዋና ጉዳዩ ከሰልን ከማዕድኑ ወደ ቲስ ወንዝ ወደብ ማውረድ ነበረ፤ መንገደኛ በክብር የሚሳፈርበት ዘመን በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ የከሰሉ ባቡር የባቡሮች ሁሉ በኵር ሲሆን፣ ዕድሜውም ከታናናሾቹ ዕድሜ ረዘመ። የእንግሊዝ የመንግሥት ባቡር በእንፋሎት መንዳትን በ1968 ሲተው፣ የከሰል ማዕድን ባቡሮች ግን ማገዶው ከደጃቸው ስለ ነበረ አንዳንዶቹ እስከ 1980 ዓመታት ድረስ ጢሳቸውን እያትጐለጐሉ ቈዩ። በመጨረሻም በታኅሣሥ ወር 2015 የአገሪቱ የመጨረሻው ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ ተዘጋ። ትዝታ ጸሐፊዎቹ እንግዲህ አንድ ሙሉ የሥራ ዓለም ከዐይናቸው ፊት ተጠቅልሎ ሲነሣ ያዩ ናቸው።

ስለ ቋንቋው ጥቂት ሳንናገር ማለፍ አንችልም። የእነዚህ ባቡሮች አንዱ ዋና ሥራ የድንጋይ ከሰልን እንግሊዞች «ኮክ» ወደሚሉት ነገር መለወጫ ምድጃ ማድረስ ነበር። ተርጓሚ ይህን ቃል እንዳለ ቢጽፈው የእኛ አንባቢ ያ በግቢ የሚበቅለው፣ ጣፋጩ ፍሬ ይመስለዋል፤ ከዚያም ባቡሩ ኮክ ጭኖ ወደ ብረት ማቅለጫ ሲገሰግስ ሲያነብ ደራሲው ያበደ ይመስለዋል። ሆኖም ነገሩን ለማስረዳት ከእኛ አገር ሰው የቀለለ አድማጭ አይገኝም። ከሰል አክሳይ እንጨቱን ከምሮ፣ በሣርና በአፈር ደፍኖ፣ ነፋስ እንዳይገባበት ጠብቆ ቀስ ብሎ እንደሚያከስለው፣ እንዲሁ የድንጋዩን ከሰል አየር በማይገባበት ረጅም ምድጃ ውስጥ ዘግተው ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ቀንና ሌሊት ሙሉ ያግሉታል። ጋዙና ዝፍቱ ወጥቶ ይሄዳል፤ የሚቀረው ቀላል፣ ጠንካራ፣ እንደ ቋጥኝ ስፖንጅ የተበሳሳ ነገር ነው። ብረት የሚቀልጠው በእርሱ ነው። የከሰለ ከሰል ብንለው ምን ይጐድለዋል? ከምድጃው ሲገፋ እንደ ፍም ቀልቶ በጋሪ ላይ ይፈስሳል፤ አንድ አነስተኛ ባቡር ጋሪውን ጐትቶ ከማማ ሥር ያደርሰዋል፤ ከማማው ላይ ውሃ ሲለቀቅበት የሚነሣው ነጭ እንፋሎት ከሩቅ መንደር ይታያል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የመካነ ኢየሱስ ሰው የማያውቀው የምድጃውን መጠን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ እንግባ። የእንግሊዞቹ ትዝታ ጸሐፊዎች የሚመሰገኑበት ነገር ትጋታቸው ነው። ከጦርነቱ በኋላ የፋብሪካ ባቡሮችን ለመመዝገብ ማኅበር አቋቁመዋል፤ ከ1962 ጀምሮ የራሱ መጽሔት አለው። አንድ ባቡር በማን ፋብሪካ እንደ ተሠራ፣ ቍጥሩ ስንት እንደ ነበረ፣ ከየትኛው ማዕድን ወደ የትኛው እንደ ተዛወረ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ለብረት ሻጭ እንደ ተሸጠ አንድ ሳያስቀሩ ጽፈዋል። እሳት ስለሌለው ባቡር የጻፉትን ማንበብ ደስ ያሰኛል፤ ይህ ባቡር ብልጭታ በሚያስፈራበት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሲሆን፣ የራሱ ምድጃ የለውም፤ እንፋሎቱን ከፋብሪካው ቦይለር እንደ ጋን ተሞልቶ ይወስዳል፤ ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ሲያልቅበት እንደገና ለመሞላት ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ነገር ያልኖረበት ሰው ፈጥሮ ሊጽፈው አይችልም።

ነገር ግን መዝገቡ በረዘመ መጠን ሰውየው ያጥራል። የማዕድኑ ባቡሮች ስም ነበራቸው፤ አንዱ በባለ ሀብቱ ልጅ፣ ሌላው በጦር አለቃ ስም ይጠራ ነበር። ጸሐፊዎቹም እነዚህን ስሞች እንደ ዘመድ ስም በፍቅር ይጠሩአቸዋል። ከሰል የሚያካፍተው ሰው ግን በብዙ ገጽ ላይ «እሳት ጫሪው» ተብሎ ይታለፋል። የት ተወለደ? ስንት ልጆች ነበሩት? ሳንባው በአቧራ ሲደፈን ማን አስታመመው? ከዚህ ይልቅ የቦይለሩ ዲያሜትር ይነገረናል። ለብረት ይህን ያህል ልብ ያለው ሰው ለጓደኛው ሲሆን ቃል የሚያጥረው ስለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ያስቸግራል። ምናልባት ስለ ብረት ማልቀስ ስለ ሰው ከማልቀስ የቀለለ ይሆን? ይህ ጉድለት የሌለባቸው ትዝታዎችም አሉ፤ እነርሱም ብዙውን ጊዜ ነጂው ወይም እሳት ጫሪው ራሱ ተናግሮ ሌላ ሰው የጻፈላቸው ናቸው።

በዚህ ነገር ከትዝታ ጸሐፊዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ከሰል ቈፍሮ የማያውቀው ፈረንሳዊው ኤሚል ዞላ ነው። በ1885 የታተመውን «ዠርሚናል» ለመጻፍ ባለፈው ዓመት ሠራተኞቹ ሥራ ባቆሙበት ጊዜ ወደ አንዘን ማዕድን ሄዶ፣ ጉድጓድ ወርዶ፣ ጠይቆ፣ በደብተር ይዞ ተመልሷል። በመጽሐፉ ውስጥ ከምድር በታች ጋሪ ሲስብ ዐሥር ዓመት የኖረ ባታይ የሚባል ፈረስ አለ፤ ይህ ፈረስ በጨለማው ውስጥ ሆኖ የተወለደበትን በወንዝ ዳር ያለውን ወፍጮ ያልማል። ደራሲው ለጋሪ ጐታች እንስሳ ትዝታ ሰጠው። ከላይ ዳኛ አድርገን ያስቀመጥነው የገጠር ሰው ስለ ፈረንሳይ ማዕድን አንድም ነገር ሳያውቅ ይህን ፈረስ ወዲያው ያውቀዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዐፄ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ሥራ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ ኢልግ ፈቀዱ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበረ። የእኛ ባቡር እንግዲህ የከሰል ልጅ አይደለም፤ የቡናና የቆዳ፣ የጉምሩክም ልጅ ነው። ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል ጽሕፈታችንም ባቡሩን ከመስኮቱ እንጂ ከምድጃው በኩል ያላየው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ሲጓዙ በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደዋል፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለው መጽሐፋቸውም የዚያ መንገድ ፍሬ ነው። መንገደኛ የሚያየውን ያያሉ፤ ይህ አያስነቅፋቸውም፤ መንገደኛ ነበሩና።

ይልቅስ የሚያስቈጨው ሌላ ነው። ከዘመኑ ጸሐፊዎች ሁሉ ብልሆቹ ሁለቱ ከሐዲዱ ዳር ተቀምጠው ሠርተዋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የምድር ባቡሩ ተቈጣጣሪ፣ በኋላም የድሬ ዳዋ ነጋድራስ ነበሩ። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የአገርን ሀብት፣ የንግድንና የቀረጥን ነገር እንደ እርሱ የመረመረ መጽሐፍ በዚያ ዘመን አልነበረንም፤ ነገር ግን የመጽሐፉ ዐይን የሚያየው ሚዛኑን ነው፤ ሸክሙን የሚያነሣው ሰው የመጽሐፉ ጉዳይ አይደለም። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. በሮም ካሳተሙ በኋላ በዚያው በድሬ ዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል፤ ሁለተኛ ልብ ወለድ ግን አልጻፉም። የዘጌው ሰው ያ የሾለ ብዕራቸው በባቡር ጣቢያው ግርግር ላይ ቢያርፍ ኖሮ ምን ባገኘን ነበር!

ጽሕፈቱ የተወውን ቋንቋው በመጠኑ ይዞልናል። ለገሀር የምንለው ሰፈር «ባቡር ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሳይ ቃል የወጣ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። «ሹፌር» የሚለው ቃል ግን ከዚህ ይልቅ ያስገርማል። በፈረንሳይኛ ሥሩ «አሙቂ» ማለት ነው፤ መጀመሪያ የእንፋሎት ሞተር እሳት የሚጭረው ሠራተኛ ስም ነበረ፤ በኋላ ለመኪና ነጂ ሆነ። እንግዲህ ከደብረ ታቦር ወደ መካነ ኢየሱስ አውቶቡስ የሚነዳውን ሰው ሹፌር ብለን በጠራነው ቍጥር፣ መጽሐፎቻችን የረሱትን ያንን እሳት ጫሪ ሳናውቀው እንጠራዋለን። አዝማሪዎቻችንም ቢሆኑ ባቡሩን ከጸሐፊዎቹ ቀድመው ተቀብለውታል፤ ለእነርሱ ግን ባቡር ወዳጅን የሚነጥቅ የመለያየት ምልክት ነው፤ ዘፈኑ የሚዘፈነው ጣቢያው ላይ ለቀረችው እንጂ ምድጃው ላይ ለቆመው አይደለም።

እውነተኛ የማዕድን ባቡር በአካባቢያችን አልነበረም ማለት አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣልያኖች ከዳሎል የሚወጣውን ፖታሽ ለማጓጓዝ ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ወደ ቆላው፣ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ያህል እስከሚርቅ ቦታ ድረስ፣ ጠባብ ሐዲድ ዘርግተው ነበር። በዚያ በምድር ላይ እጅግ ከጋሉት ቦታዎች አንዱ በሆነው አገር ማን እንደ ጫነ፣ ማን እንደ ነዳ በአማርኛ የተጻፈ ትዝታ አላገኘንም። የራሳችን የድንጋይ ከሰልም ቢሆን፣ በጭልጋም በያዩም መኖሩ ከታወቀ ቈይቷል፤ ዛሬ ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚሄደው ከሰል በከባድ መኪና ነው የሚጓዘው። የዚህ ትዝታ ጸሐፊ እንግዲህ አሁን መሪ ጨብጦ መንገድ ላይ ነው።

ለእኛ ለእስቴና ለጋይንት ሰዎች ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀርብ ታሪክ አለ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሁለት ታላላቅ የማጓጓዝ ሥራዎች በሁለት አቅጣጫ ተጀመሩ። በቀይ ባሕር ዳር በዙላ የእንግሊዝ ጦር አርፎ ከህንድ ያመጣውን ሐዲድ መዘርጋት ጀመረ፤ ከወደቡ እስከ ተራራው ግርጌ እስከ ኩማይሌ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መስመር ነበር። በዚህ በኩል በሐዲድ ላይ የሄደው የመጀመሪያው ባቡር ይህ ነው። በባሕሩ ዳር የመጠጥ ውሃ ስላልነበረ የባሕሩን ውሃ አፍልተው የሚያጣሩ መርከቦች ከሰል ሲያነዱ ይውሉ ነበር። ዘመቻው ሲያልቅ ሐዲዱን ነቅለው ወሰዱት።

በሌላው በኩል ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው፣ በጋይንት ደጋ በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመሩ። የመድፉ ክብደት 70 ኩንታል ያህል ነበር። በዚያ አገር የጋሪ መንገድ ስላልነበረ መንገዱ በመድፉ ፊት ፊት እየተቈፈረ፣ ቋጥኝ እየተፈለጠ፣ ንጉሡም ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ተሠራ። የጂጣና የበሽሎ ገደሎች ወርደው ወጡባቸው። ሐዲዱ መሬት፣ እንፋሎቱም የሰው ትንፋሽ ነበረ። ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶ መድፉ መቅደላ ደረሰ። እንግሊዞቹም ደረሱ።

ስለዚህ ጕዞ የምናውቀው አብዛኛው ነገር በራሳም፣ በብላንክና በዋልድማየር፣ ማለት በእስረኞቹና በባዕዳን ሠራተኞች ብዕር የተጻፈ ነው። ደብተራ ዘነብ የጻፉት የንጉሡ ታሪክ መድፉ ከመሠራቱ በፊት ያቆማል። የዘመናችን ደራሲዎችስ? ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ቴአትራቸውን «ቴዎድሮስ» አሉት። ብርሃኑ ዘርይሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ እንባ» አለ። አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ» ብሎ ሰየመ። ሦስቱም የአማርኛን ድርሰት ያሳደጉ ሥራዎች መሆናቸውን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን አርእስቶቻቸው ብቻ ዐይናቸው በማን ላይ እንዳረፈ ይመሰክራሉ። እንባው የንጉሡ ነው፤ ለእናቱ አንድ የሆነውም ንጉሡ ነው። ገመዱን በትከሻው ላይ ያደረገው የጋይንት ገበሬ ግን ለእናቱ ስንተኛ እንደ ነበረ የጠየቀ የለም። መቶዎች ሆነው ሲስቡ እግራቸውን እኩል የሚያነሡት በምን ዜማ ነበር? ሲመሽ ምን በሉ? መድፉ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ከመንኰራኵሩ ሥር ድንጋይ የሚወረውረው ማን ነበር? ለእንግሊዞቹ «ቁጥር በዛ፣ ሰው አነሰ» ያልነውን ፍርድ ለራሳችን ስንመልሰው «ንጉሥ በዛ፣ ሰው አነሰ» የሚል ይሆናል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ አንባቢ ይፍረድ።

የገመድ ሥራ በእኛ አገር ከመቅደላ ጋር ያለቀ አይምሰልህ። እስቴን ከሞጣ በሚያገናኘው በዓባይ ላይ የቆመው ሰባራ ድልድይ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ከመካከሉ ከተቈረጠ በኋላ፣ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ በጎበዞች ክንድ በክፍተቱ ላይ እየተሳበ ይሻገር ነበር፤ ድልድዩ የተጠገነው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። እነዚያ ገመድ ሳቢዎች ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ። የውጭ አገር መጽሔት ፎቶግራፋቸውን አንሥቶ ለዓለም አሳይቷል። ፎቶግራፍ ግን ገመዱ እንዴት እንደሚያዝ፣ ነፋስ ሲነሣ ምን እንደሚባባሉ፣ ታሳሪው በመካከል ሲፈራ ምን ብለው እንደሚያጽናኑት አይናገርም። ይህን የሚጽፍ ሰው ከሞጣም ሆነ ከእስቴ ትምህርት ቤት ቢወጣ እኛ ከብዙ የሰርግ ግጥም ይልቅ እናከብረዋለን።

ድሬ ዳዋም እንዲሁ ነው። አሮጌው መስመር ሥራውን ካቆመ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ በእንፋሎቱ ዘመን ልጅ ሆኖ በጥገና ቤቱ የተቀጠረ ሰው ቢኖር እጅግ የሸመገለ አዛውንት ነው፤ በናፍጣው ዘመን የሠሩትም ፀጕራቸው ነጥቷል። የጥገና ቤቱ ከነመሣሪያው፣ ከነአሮጌ ባቡሮቹ ቆሟል፤ ጐብኚም ይገባበታል። ብረቱ ስላለ ሰውየውም ያለ ይመስላል። እንግሊዞች ከተሳሳቱበት ቦታ ላይ ሳንደርስ፣ የሚጠይቁ ወጣቶች የቍጥሩን ደብተር ለጊዜው አጥፈው፣ እነዚህን ሽማግሌዎች በየቤታቸው ሄደው፣ በሶማልኛም በኦሮምኛም በአማርኛም በፈረንሳይኛም የተደባለቀውን የሥራ ቋንቋቸውን እንዳለ፣ ሳያርሙ ቢጽፉ መልካም ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኛ እንጠቁማለን፤ ሌሊት በአዋሽ በረሓ ላይ ባቡሩ ሲቆም፣ ነጂውና ረዳቱ ምሳቸውን የያዙት በምን ነበር፣ ያሞቁትስ በየትኛው የሞተሩ ክፍል ላይ አስቀምጠው ነበር?